ፍልጥ የሚቀበለው ገንቦ

አያ ቢተው ሦስተኛውን ፍልጥ በገንቦው አፍ ሲያስገባ፣ ከውስጥ ያለው ሰው ጫፉን ይዞ ሳበው።

የዛሬው አሳሳብ ደከም ያለ ነበር። በደህናው ጊዜ ፍልጡ ከእጁ ተመንጭቆ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ግማሹ ከገባ በኋላ ቆመ፤ ትንሽ አረፈ፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ጣት ያህል ገባ። አያ ቢተው በአውራ ጣቱ ከኋላ ገፋ አደረገለት። ፍልጡ ሄደ። ከገንቦው ውስጥ ሳል ተሰማ።

«ሳለ እንዴ አባባ?» አለች ልጁ እንጉዳይ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ሳለ።»

«ትናንትም ስሎ ነበር።»

«ትናንት ሁለት ጊዜ። ዛሬ አራት።»

«እዚያ አገር ዝንጅብል የላቸውም?»

አያ ቢተው አሰበበትና «እንጃ» አለ። እሷም ሰፌዷን አስቀምጣ ከጓዳ ዝንጅብል አመጣችና ገንቦው ውስጥ ጣለችው። ሲወድቅ አልተሰማም።

ገንቦው ቁመቱ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ባለቤቱ የከተማው የሸክላ ማሰልጠኛ ወረቀት ላይ «የአበባ ማስቀመጫ» ብሎ ጽፎታል፤ አያ ቢተው ማንበብ ስለማይችል ገንቦ ነው የሚለው። አንገቱ እጅ አያስገባም፤ ሦስት ጣት የሚሆን ፍልጥ ግን ያስገባል። ትከሻው ላይ የባሕር ዛፍ አመድ ቀልጦ፣ አረንጓዴ ሆኖ ወርዶ፣ ሆዱ ጋ ሲደርስ ቀርቷል። በአንድ ጎኑ መዳፍ የሚያክል አመድ ያልነካው ቦታ አለ። እቶን ውስጥ ሳሉ ወንድሙ፣ ሌላው ገንቦ፣ ተደግፎት የነበረው እዚያ ላይ ነው። ወንድሙ አሁን ጃፓን ነው።

ጃፓናዊው ሸክላ ሠሪ ኩሮዳ ወደዚህ ከተማ የመጣው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ያኔ ሰባውን አልፏል። በአገሩ ስሙ ሲጠራ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል ይባል ነበር፤ እዚህ ግን የሸክላ ማሰልጠኛው በር ላይ ሲደርስ የተነሣለት ውሻ ብቻ ነው። እሱም ቅር ሳይለው ኮቱን አወለቀና ከማሰልጠኛው ጀርባ ባለው ዳገት ላይ እቶን መሥራት ጀመረ። ሲያልቅ የተኛች ላም ይመስል ነበር። እንጨት የሚፈልጥና እሳት የሚማግድ ሰው ሲፈለግ አያ ቢተው ተቀጠረ።

እቶኑ ስምንት ቀን ነደደ። ሸክላቸውን በጠዋት ጭድና ኩበት ጭነውበት ለምሳ የሚያወጡት የአካባቢው ሸክላ ሠሪዎች እየመጡ ይስቁ ነበር።

«ስምንት ቀን ሙሉ? ሸክላ ነው ወይስ አረቄ የምታወጡት?» አለች አንዷ።

«ድንጋይ ነው» አለ አያ ቢተው።

«ድንጋይማ ሜዳው ላይ ሞልቶ የለም ወይ!»

ኩሮዳ በዚያ ስምንት ቀን ከአማርኛ ሁለት ቃል ያዘ፤ «ጨምር» እና «ይበቃል»። ሌላ ሊያስተምሩት ሞክረው አልሆነም። አያ ቢተው ደግሞ ከኩሮዳ ቋንቋ አንድም ቃል አልያዘም፤ አላስፈለገውም። ኩሮዳ የነበልባሉን መልክ አይቶ «ጨምር» ሲል ይጨምራል፤ «ይበቃል» ሲል ይተዋል። አልፎ አልፎ ይበቃል ከተባለ በኋላም እጁ ወደ ፍልጡ ይሄድ ነበር። ያኔ ምሳቸውን ይዛ የመጣች፣ ዓይኗን ሳትኳል ከቤት የማትወጣው ሚስቱ ትርንጎ ከኋላው ሆና፣ «ይበቃል አለህ እኮ። ግባና ተኛ» ትለዋለች። ኩሮዳም ያልገባውን ነገር እንደገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

በስምንተኛው ቀን የእቶኑን አፍ ዘጉ። የሚዘጋው ጭድ ባለው ጭቃ ነው፤ ከዳር ጀምረው እየዞሩ ወደ መሐል ይመጣሉ። በመጨረሻ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ትቀራለች። በዚያች ቀዳዳ ኩሮዳ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአንዱ እሳቱን አየ፤ «ይበቃል» አለውና ዘጋው። ስምንት ቀን የነደደ እቶን ስምንት ቀን ሳይነካ ይቀዘቅዛል። ቀድሞ የከፈተ ሰው የሚያገኘው ስብርባሪ ነው።

ሲከፈት ሁለቱ ገንቦዎች ተደጋግፈው ተገኙ። ኩሮዳ አንዱን ይዞ ሄደ፤ አንዱን ለማሰልጠኛው ተወ። ሊሄድ ሲል ሰዓቱን አወጣና ሦስት ቁጥር ላይ ጣቱን አስቀመጠ፤ ከዚያ ገንቦውን አሳየ፤ ከዚያ ራሱን። ይህን ያደረገው የማሰልጠኛው ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅና አያ ቢተው ቆመው እያዩት ነው።

የኩሮዳ ሰዓት ከአገሩ ሲነሣ እንደነበረው ነው። እዚህ ሲደርስ ሊያስተካክለው ቢል ልክ ሆኖ አገኘው። እዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚያም ሦስት ሰዓት ነው፤ የእነሱ ፀሐይ ግን ማዘቅዘቅ ጀምራለች። አያ ቢተው ፊደል ባይቆጥርም ሰዓት ያያል፤ የራሱን ሰዓት ከኩሮዳ ሰዓት ጋር ስንት ቀን አስተያይቷል። አቶ ልሳነወርቅ ግን የተማረ ሰው ስለሆነ፣ የውጭ አገር ሰው ሦስት ካለ ዘጠኝ ማለቱ ነው ብሎ አሰላው። አንድ ሳምንት ሙሉ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገንቦው ፊት ተቀመጠ። ምንም አልሰማም።

ሰኔ ሲገባ ግን ገንቦው ቢሮ ውስጥ እንዳለ የዚያን አገር ዝናብ ሞልቶ ፈሰሰና ፋይል አረጠበ። በጥር በረዶ አወጣ። አቶ ልሳነወርቅ ስብሰባ ጠርቶ፣ ዕቃው ለቢሮ የማይመች ስለሆነ አያ ቢተው ቤት እንዲቀመጥ አስወሰነ። ዕቃው የማሰልጠኛው መሆኑ ግን አልቀረም።

አያ ቢተው በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስት ሰዓት፣ አንድ ፍልጥ ጨመረ። ተሳበ። በማግስቱ ደረቅ ዓሣ ወጣ፤ ድመቷ በላችው። እሱ ቆሎ ላከ። ከዚያ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው የበዛበት ፍሬ መጣ፤ እንጉዳይ ቀምሳው ፊቷ እስከ ማታ አልተፈታም። ከገንቦው ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተላለፉም። ብዙ ጊዜ ምንም አይላላኩም፤ እሱ እዚህ ይቀመጣል፣ ያኛው እዚያ ይቀመጣል፣ አራት ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ይነሣሉ።

ትርንጎ የሞተች ጊዜ አያ ቢተው ለገንቦው ምንም አልተናገረም። አጠገቡ ተቀምጦ አለቀሰ እንጂ። በተቀበረች በሦስተኛው ቀን በገንቦው አፍ ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ ወጣ፤ አምስት ነጭ አበባ ነበረበት። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች አዩትና፣ ቢተው አበባ ማስቀመጥ መቼ ለመደ ተባባሉ። አበባው አርባዋ እስኪወጣ አልረገፈም።

አሁን ታኅሣሥ ነው፤ ኩሮዳ ያስለዋል፤ እንጨት መፍለጥም የተወ ይመስላል። የሚሞቀው ከዚህ የሚሄደውን ፍልጥ ነው። ይህን አያ ቢተው ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ማክሰኞ አቶ ልሳነወርቅ መጣ። በርጩማ ተሰጠው።

«አያ ቢተው፣ ደህና ሰነበቱ? ያ ገንቦ ዕድሉ ወጣ። አዲስ አበባ ለኤግዚቢሽን ተጠይቋል። ሐሙስ በሦስት ሰዓት መኪና ይዤ እመጣለሁ።»

«ለስንት ቀን?»

«ለስድስት ወር ነው። ውሃ እንዳያመጣብን አፉን በጀሶ እደፍነዋለሁ።»

አያ ቢተው ገንቦውን አየ። «ብርድ ነው» አለ።

«የት?»

«እዚያ።»

«አባባ፣ ንገረው እንጂ!» አለች እንጉዳይ። «ውስጡ ሰው አለ በለው!»

«ውስጡስ ሰው የለም። ሰውየው ማዶ ነው ያለው።»

አቶ ልሳነወርቅ ግንባሩን አሸ። «እኔ እኮ ሳምንት ሙሉ ፊቱ ተገትሬ ውያለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላነጠሰም።»

«በስንት ሰዓት?»

«በዘጠኝ።»

«ሦስት ነው ያለህ።»

«ፈረንጅ ሦስት ሲል እኮ...»

«ፈረንጅ አይደለም» አለ አያ ቢተው።

አቶ ልሳነወርቅ በጣቱ ጉልበቱ ላይ ሲያሰላ ቆየ። ከዚያ ተነሣና፣ «ለማንኛውም ደብዳቤው ወጥቷል። ሐሙስ በሦስት» ብሎ ሄደ።

አያ ቢተው መጥረቢያውን አወጣ። ያን ቀን እስኪመሽ ፈለጠ፤ ረቡዕም ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ፈለጠ። ሁሉንም ሦስት ሦስት ጣት አድርጎ፣ ኩሮዳ እንዳሳየው ከእንጨቱ ልብ ወደ ልጡ። የስድስት ወር ማገዶ ሆኖ ግድግዳው ሥር ተደረደረ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ተቀመጠና መጨመር ጀመረ። የመጀመሪያው ተሳበ። ሁለተኛው ብዙ ቆይቶ ተሳበ። ሦስተኛው አልተሳበም። አራት ሰዓት እስኪሆን ፍልጡን እንደያዘ ጠበቀ። ክንዱ ዛለ።

«ጨምር በል እንጂ» አለ ወደ ገንቦው ጎንበስ ብሎ። ድሮ እንዲህ የሚለው ያኛው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ልሳነወርቅ ጀሶውን በባልዲ በጥብጦ ይዞ ገባ። የግድግዳው ሰዓት ሦስት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ግድግዳው ሥር የተደረደረውን ፍልጥ አየ። ባልዲውን አስቀመጠና ተቀመጠ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ገንቦው ሳለ።

አቶ ልሳነወርቅ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይማርዎ» አለ ወደ ገንቦው።

አያ ቢተው አንድ ፍልጥ አስገባ። ማንም አልሳበውም። ጥቂት ቆይቶ ፍልጡ ወደ ውጭ መጣ፤ በዝግታ፣ ሳይወድቅ፣ እጁ ውስጥ እስኪገባ ድረስ። ቀጥሎ ሌላ መጣ፤ ይሄ የትናንቱ ነው። ቀጥሎ የትናንቱ ሁለተኛ። አያ ቢተው እየተቀበለ መሬት ላይ ደረደራቸው። ዝንጅብሉም ወጣ፤ ግማሹ ተበልቷል።

«ምን ማለቱ ነው?» አለ አቶ ልሳነወርቅ በሹክሹክታ።

አያ ቢተው ወደ ገንቦው አፍ ጎንበስ አለ። በገንቦው አፍ የውስጥ ከንፈር ላይ እርጥብ ጭቃ መታየት ጀምሮ ነበር። ጭቃው ጭድ አለበት። አንድ ጣት ከውስጥ ሆኖ እያለሰለሰው ይዞራል፤ ከዳር ወደ መሐል። ጣቱ አይቸኩልም። አያ ቢተው አንድ ፍልጥ አነሣና ሊያስገባ እጁን ዘረጋ፤ ቦታው ጠቧል። አነስተኛውን መረጠ። እሱም አላስገባ አለ። ከዚያ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ ብቻ ቀረች፤ ጣቱም ቆመ።

በቀዳዳዋ አንድ ዓይን ታየ። የኩሮዳ ነው። አያ ቢተው ፍልጡን እንደያዘ በጉልበቱ ተንበርክኮ አንድ ዓይኑን ጨፈነና በአንዱ አየው። ብዙ ተያዩ።

«ይበቃል» አለ ኩሮዳ።

የአያ ቢተው እጅ ፍልጡን አልለቀቀም። በቀዳዳዋ ጠርዝ ላይ ሊያስገባው እንደገና ሞከረ።

የኩሮዳ ዓይን ዞር አለ። ቦታውን ሌላ ዓይን ያዘው፤ ዙሪያው ኩል የተኳለ ነው። ደጃፉ ላይ ያለችው እንጉዳይ ሰፌዷን መሬት አስቀመጠችና ቆመች። የኩሮዳ ጣት ጭቃ ይዞ ወደ ቀዳዳዋ መጣ፤ ግን ሳይደፍናት ቆሞ ጠበቀ።

«ይበቃል አለህ እኮ። ግባና ተኛ» አለች ትርንጎ።