ስሙን ቄስ ይጥራው

ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ራሴው ልንገራችሁ፤ ወሬው ካምፑ ውስጥ ከአፍ አፍ ሲዞር ቀንድና ጭራ አብቅሏል።

አሰጋሽ እባላለሁ፤ የመተማ ልጅ ነኝ። ባሱንዳ እርሻ ላይ ስድስት ዓመት ሰሊጥ አጭጃለሁ፤ ዐረብኛውን የተማርኩት ከካቦዎች ስድብ ነው። የሰባ ሰባቱ ረሃብ ያን ሁሉ ሰው ጓንግ ዳር አምጥቶ ሲያፈሰው ታዲያ፣ ስድብ የተማርኩበት አፌ እንጀራ ሆነኝ፤ የካምፑ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ጓንግን ሱዳኖቹ አትባራ ይሉታል። በበጋ ይቆራረጥና ኩሬ ኩሬው ብቻ ይቀራል። ያን ዓመት ዝናቡ ስለቀረ ለኛ ካምፕ የተረፈው አንድ ኩሬ ነበር። እኛ የምንቀዳው እዚያ ነው። እነሱም ያሉት እዚያው ነው። እነሱ ስል... ስሙን ቄስ ይጥራው። እስላሞቹ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሼኩ ይጥራው ይላሉ። ሲጠሩት አቤት ይላል ስለሚባል፣ ውኃ የሚቀዳ ሰው ስሙን አያነሳም፤ ‹እነሱ› ብሎ ያልፈዋል። ለእናንተ ግን ከውኃው ርቄ ስለማወራ እነግራችኋለሁ፤ አዞ ነው።

አዞን መንግሥት በሕግ ይጠብቀው ነበር። ድሮ የቆዳ ነጋዴዎች ለጫማና ለቦርሳ ብለው ሊጨርሷቸው ደርሰው ነበር አሉ፤ ስለዚህ አዞ የገደለ ይታሰር ነበር። አዞ ሰው ሲገድል የሚታሰር ግን አላየሁም። ጥር ላይ ጎረቤቴን ሰዓዲያን ጀሪካኗን እንደያዘች ወሰዳት። ባሌ እንግዳው ሦስት ቀን ሙሉ ኩሬው ዳር ተቀምጦ ጠበቀው። በአራተኛው ቀን ጸሐይ ሊሞቅ ሲወጣ በመጥረቢያ ገደለው። ሰዉ እልል አለ። ማግስቱን ፖሊስ መጣና እንግዳውን አስሮ ወሰደው፤ ሁለት ዓመት ተፈረደበትና ገዳሪፍ እስር ቤት ገባ።

ከዚያ ወዲህ እግሬ አላርፍ አለ። ተኝቼ እነሳለሁ፣ ተነስቼ እዞራለሁ። ለእርዳታው ማሽላ፣ ለዱራ፣ ስሰለፍ እንኳ ከኋላዬ ያሉት «አንች ሴትዮ፣ ጉንዳን ወጣብሽ ወይ?» ይሉኝ ነበር። ጉንዳንስ በወጣብኝ፤ ጉንዳን ይራገፋል።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዱር አራዊት ሹሙ አብዱልናስር በመኪና መጣ። ወፍራም፣ ላቡን በመሐረብ ሲጠርግ የሚውል፣ ክፋት የሌለው ሰው ነበር። ከሁለት ወር በፊት ሰዎቹን ይዞ ወንዙን ከላይ እስከ ታች እየዞረ እነሱን ሲቆጥር ከርሟል። በዚያው ሰሞን የእርዳታ ሰዎች ደግሞ እኛን እጃችን ላይ ቀለም እየቀቡ ቆጥረውናል። ያን ሰሞን ያልተቆጠረ ምን አለ!

«አሰጋሽ፣ ያላ፣ ንገሪልኝ» አለና ድምፅ ማጉያውን ሰጠኝ። «ተማሲሑ በዝቷል። ከጥበቃው ወጥቷል።» ተማሲሕ የሚለው አዞን ነው።

ወዲያው ጠየቅኩት። «ታዲያ በሱ ምክንያት የታሰሩትስ?»

«ይፈታሉ። ዝርዝሩን ይዤ ዛሬውኑ ገዳሪፍ መግባት አለብኝ። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስማቸው ይጠራል። የስደተኛ ካርዱን ይዞ ዋስ የሚሆነው ሰው የመጣለት ይወጣል።»

«ያልመጣለትስ?»

«ካርድ የሌለውን ሰው አገር ውስጥ አይለቁትም። በሎሪ ወስደው ከድንበር ማዶ ያወርዱታል።»

የእንግዳው ካርድ በነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሮ አንገቴ ሥር ነበር። ከሱ መኪና ሌላ ለነገ ጠዋት ገዳሪፍ የሚያደርሰኝ ነገር የለም። «ውሰደኝ!» አልኩት። «ተርጉሚና ግቢ» አለኝ።

እንግዲህ አስተረጓጎሜን ስሙልኝ። የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ኩሬው ለመውረድ ቆመዋል። ውኃ ሊቀዱ በቆሙ ሴቶች ፊት ስሙን እንዴት ልጥራው? ደግሞ ቸኩያለሁ፤ አንድ እግሬ መኪናው ላይ ነው። አብዱልናስር የአዳኞቹንም ነገር ጨምሮ በዐረብኛ ሲነግረኝ፣ ድምፅ ማጉያውን አፌ ላይ አድርጌ እንዲህ አልኩ፦

«ስሙ! መንግሥት ቆጥሯቸዋል! በዝተዋል፣ አገግመዋል! ከእንግዲህ ጥበቃ የለም፤ ተነስቷል! ከነገ ጀምሮ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ይመጣሉ፤ ፈቃድ አላቸው፤ አትደንግጡ! ትልልቆቹን ብቻ ነው የሚወስዱት፤ ትንንሾቹን አይነኩም!»

አብዱልናስር አምስት ጊዜ ‹ተማሲሕ› አለ። እኔ አንድ ጊዜም አዞ አላልኩም። የኛ ሰፈር ሰው ወዲያው ገባውና እልልታውን አቀለጠው። እኔም መኪናው ውስጥ ዘለልኩ።

መንገዱ የሚያልፈው በአዲስ ገቦቹ በኩል ነው። ከደጋ የመጡ ናቸው፤ ካምፑ ከገቡ ሦስተኛ ቀናቸው፤ ውኃ እንኳ በቦቴ ነበር የሚቀርብላቸው። እዚያ ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ይሯሯጣል። አንዱ የትናንቱን ዳስ ያፈርሳል፣ አንዱ ብርድ ልብስ ይጠቀልላል። አንዲት ኮከብ የምትባል ሴት አውቃለሁ፤ ሲመዘገቡ ያስተረጎምኩላት ናት። ልጇን አዝላ፣ ድስቷን ተሸክማ ስታልፍ በመስኮት ጠራኋት።

«ኮከብ! ወዴት ነው?»

«ወደ መጣንበት ነዋ! ምን ጥያቄ አለው?» አለችኝ፤ ዓይኗ ደም መስሏል። «በዝታችኋል፣ አገግማችኋል አላችሁን። እስቲ የኔን ልጅ እይው፣ ያገገመ ይመስላል? ባሌን በጠመንጃ ወስዳችሁ ትንሹን ልትተዉልኝ ነው? ደግሞ እልል ትሉብናላችሁ! ግፍ አይሆንባችሁም?»

ያን ጊዜ ገባኝ። የተናገርኩት አንድ በአንድ ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ቆጥሯቸዋል። በዝተዋል። ጥበቃ የለም። ትልልቆቹን ብቻ።

«ሌሎቹስ የታሉ?»

«አባ አየነው ይዘዋቸው ቀድመዋል። ወንዙን ይሻገራሉ።»

ወንዙን! ካምፑ ፊት ለፊት መሻገሪያ ያለው በኩሬው ጫፍ፣ ሰዓዲያ የተወሰደችበት ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ዳር ገደል ነው። እነዚህ ደግሞ ደገኞች ናቸው፤ ውኃው ውስጥ ምን እንዳለ የነገራቸው የለም። ማን ይንገራቸው? ስሙን የሚጠራ አለ እንዴ?

«አቁም!» አልኩት ሹፌሩን።

«አሰጋሽ፣ አልጠብቅሽም» አለ አብዱልናስር። «ቢሮው ሳይዘጋ ወረቀቱን ማስረከብ አለብኝ። ከወረድሽ ወረድሽ።»

የነጠላዬን ቋጠሮ ጨበጥኩት። ወንድሞቼ፣ ሰው ደግ ስለሆነ ነው የሚወርደው እንዳትሉኝ። ውስጤ ‹ሂጂ› እያለኝ ነበር፤ ‹ያንች ባል ነው፣ እነሱን ማን ያውቃቸዋል› እያለኝ ነበር። እግሬ ግን ሳላዘው ወረደ። ያ አላርፍ ያለ እግሬ! ድምፅ ማጉያው እጄ ላይ ቀርቷል። አብዱልናስር «መሣሪያዬን!» እያለ ጮኸ፤ እኔ ወደ ወንዙ ሮጥኩ።

አፋፉ ላይ ስደርስ አርባ የሚሆን ሰው አሸዋው ላይ ወርዷል። ፊት ፊት የሚሄዱት አባ አየነው ነጭ ጢማቸው እስከ ደረት የወረደ ሽማግሌ ናቸው፤ በበትራቸው ውኃውን እየለኩ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገብተዋል። ከኋላቸው ልጆች የያዙ ሴቶች።

«አዞ!» ብዬ ጮህኩ። ከጥር ጀምሮ ጉሮሮዬ ውስጥ የከረመው ስም ወጣ። «አዞ! አዞ አለ! አባ አየነው፣ ከውኃው ይውጡ! አዞ ነው ያልኩት! የበዛው አዞ ነው! ጥበቃው የተነሳው ከአዞ ነው! የሚወስዱት አዞውን ነው!»

ማዶ አሸዋው ላይ ግንድ ነው ያሉት ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ተንሸራተተና ውኃው ውስጥ ጠፋ። አባ አየነው አዩት። ቀስ ብለው፣ በትራቸውን ፊታቸው እንደያዙ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየረገጡ ወጡ። አንዲት ሴት «ኪዳነ ምሕረት!» ብላ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሰው ሁሉ ከበበኝ። የሚሰድበኝ አለ፣ እጄን የሚስመኝ አለ። አባ አየነው ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «ልጄ፣ ታዲያ መጀመሪያውኑ አዞ አትይም ነበር?» አሉኝ።

«ስሙ አይጠራም፣ አባቴ። ከተጠራ ይመጣል ይባላል።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኛም አገር ቤት ረሃብ አላልንም። ክፉ ቀን፣ ክፉ ቀን እያልን ነው ያለቅነው» አሉ። ከዚያም ሰዎቻቸውን ቆጠሩ። አርባ ሁለት ነበሩ፤ ማንም አልጎደለም።

ወደ ካምፑ ይዣቸው ስመለስ መኪናው የነበረበት ቦታ ላይ አቧራ እንኳ አልነበረም።

በማግስቱ አዳኞቹ መጡ። በሁለት ቀን አሥራ አንድ ትልልቅ አዞ ገደሉ፤ ቆዳውን ጭነው ሥጋውን ለኛ ትተውልን ሄዱ። የበላም አለ፣ ያልበላም አለ፤ በረሃብ ቀን ማን በማን ይፈርዳል። እኔ ሥጋም ቆዳም አልታየኝም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ከመንገዱ ዳር ቆሜ ገዳሪፍ ያለችበትን አቅጣጫ እያየሁ፣ ‹አሁን ስሙን እየጠሩት ነው› እል ነበር።

በአራተኛው ቀን ዱራ አራግፎ የሚመለስ ሎሪ ጫነኝ። የእስር ቤቱ ጸሐፊ መዝገቡን አገላበጠ።

«እንግዳው ደመቀ። ሦስት ጊዜ ተጠርቷል። ዋስ ነኝ ያለ የለም። ኸላስ፣ ወደ ገላባት ሄዷል።»

ኸላስ አለኝ! በቃ ማለቱ ነው። ምኑ ነው በቃው? እዚያው በሩ ላይ እንደ እብድ ተሳደብኩ፤ ዘበኛው አዝኖ የገላባትን መንገድ አሳየኝ። ሰው ወደ ድንበሩ እንዳይሄድ ስመልስ የኔኑ ሰው ወስደው ድንበር ላይ ጣሉት! ገላባት ለመድረስ ሦስት ሎሪ ቀያይሬ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ገላባትንና መተማን የሚለያቸው አንድ ደረቅ ቦይ ነው። ማዶ የተወለድኩባት ከተማ ትታየኛለች፤ እኔ ግን ያየሁት ሰዉን ብቻ ነበር። ከቦዩ ወዲያ፣ በየግራሩ ሥር፣ ስንት መቶ ሰው መሰላችሁ የተቀመጠው! ወታደሩ አላሻግር አለኝ። ድምፅ ማጉያውን አወጣሁ።

«እንግዳው!»

ሰው ሁሉ ዞረ። አንዱ ከማዶ «የትኛውን እንግዳ ነው የምትይ? እዚህ ያለው ሁሉ እንግዳ አይደለም ወይ!» አለ፤ ሳቁብኝ። አይ አሰጋሽ፣ አሁንም አልተማርሽም! ባትሪው እየደከመ ነው። ትንፋሼን ሰበሰብኩና እንደገና ጮህኩ።

«እንግዳው ደመቀ! የአሰጋሽ ባል! ጓንግ ላይ አዞ የገደለው! አዞ የገደለው እንግዳው!»

«አቤት!»

ከአንድ ግራር ሥር ከስቶ አጥንቱ የወጣ ሰው ተነሳ። በአረማመዱ ባላውቀው በመልኩ አላውቀውም ነበር።

ወታደሩ «ዋሱ ማነው?» አለ። «እኔ!» አልኩና ካርዱን ከቋጠሮው ፈትቼ ፊቱ ላይ ዘረጋሁት። አገላብጦ አየውና በእጁ ና አለው። እንግዳው ቦዩን ተሻገረ፤ አጠገቤ ቆሞ ድምፅ ማጉያውን አየ።

«ይኼን ደግሞ ከማን ሰረቅሽው?»

«ከመንግሥት» አልኩት።

«እንግዲያ ቀጣይዋ ታሳሪ አንች ነሽ» አለ፤ ሳቅኩ፣ አለቀስኩም።

ሎሪ ላይ ወጥተን ጆንያው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሎሪው ተነሳ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ «ሦስት ጊዜ ጠሩኝ» አለ። «ሦስቱንም ጊዜ በሩን አየሁ። የት ነበርሽ?»

ካርዱ የነበረበትን የነጠላዬን ጫፍ ጨብጬ ነገርኩት።

«ስምህ በሚጠራበት ቀን ያልደረስኩት ኩሬው ዳር ስለቀረሁ ነው። አዲስ ገቦቹ ሊሻገሩ ወርደው ነበር። ለነሱ አዞ የሚል ቃል ስላልነገርኳቸው ነው የወረዱት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። መኪናውን ትቼ ወረድኩ።»

«ሰዓዲያ ከተወሰደችበት ላይ?»

«እዚያው ላይ።»

«ስንት ሰው?»

«አርባ ሁለት።»

ሎሪው ባሱንዳን አለፈ። ከዚያ «አርባ ሁለት» አለ ለራሱ፣ እጄንም ያዘ። ይቅር እንዳለኝ ያን ጊዜ አወቅኩ። እግሬም ከዚያን ቀን ወዲህ አርፏል፤ በሰልፍ የሚቀልድብኝ የለም። ነገር ግን የትም ቦታ፣ ለዱራም ይሁን ለካርድ፣ ስም ሲጠራ በሰማሁ ቁጥር ያ በሩን ያየው ሰው ይታየኛል። ስሙ የተጠራው ሰው አቤት እስኪል ድረስ ከቦታዬ አልንቀሳቀስም።