በሚስቱ ደም የተመረመረው ወንድሜ

ወንድሜን ሊምባኒን ትኩሳት ሁለት ወር ሙሉ ሲያነደው «ወባ ነው» ይላል። ጤና ጣቢያ ወባ የለብህም ብለውታል። እሱ ግን ከሱቅ የወባ ኪኒን እየገዛ እንደ ቆሎ ይቅማል። ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል፤ ሱሪው ስለሚወርድበት ቀበቶውን በሚስማር ይበሳል። ቀን ማንጎው ሥር ተጎልቶ ከጓደኞቹ ጋር ገበጣ ይጫወታል።

የደረቀ ዓሣዬን ተሸክሜ ከሐይቁ ስመለስ ፊቱ ቆምኩ።

«የኤች አይ ቪውን ተመርመር» አልኩት።

ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ዚዮኔ ስታረግዝ ተመርምራ ነጻ ነሽ ተብላለች እኮ! ሚስቴ ነጻ ከሆነች እኔም ነጻ ነኝ። አንድ ሥጋ ነን።»

ወንዶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእኛ መንደር ወንድ የሚመረመረው በሚስቱ ክንድ ነው። መርፌው ለእሷ፣ ውጤቱ ለእሱ።

«ታዲያ እሷ ስትወልድ አንተ ለምን አላማጥክም?»

«አፍሽ እንደ ዓሣሽ ነው፣ ይሸታል!» አለኝ። እንዲህ እያለ እየሞተ ነበር፤ ሲስቅ እንኳ የአንገቱ አጥንት ይቆጠራል።

ሚስቱ ዚዮኔ ልጇን ትያሚኬን አዝላ፣ ውኃ ተሸክማ ስታልፍ ሰማችን። ባልዲውን አወረደች።

«የትያሚኬ አባት፣ የምሳህን ንሲማ እኔ በልቼልሃለሁ» አለችው።

«ምን ማለት ነው?»

«አንድ አይደለን? ጠግበሃል። እስክትመረመር ድረስ እንዲህ ነው የምንኖረው።»

ወንዶቹ በሳቅ ሲፈነዱ የገበጣው ጠጠር ተበተነ። እኔ ስለምነው የከረምኩት ሰውዬ፣ ሞት ያላስፈራው ጀግና፣ የጓደኞቹን ሳቅ አልቻለውም። በነጋታው እግሩ እየከዳው ትከሻዬን ተደግፎ ጤና ጣቢያ ሄደ። ተገኘበት። ዚዮኔም እንደገና ተመረመረች፤ ነጻ ናት። ነርሷ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ የምታመጡት ሬሳ ነበር» አለችን።

አሁን የኤች አይ ቪውን ኪኒን በየቀኑ ይውጣል። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ በሚስማር የበሳው ቀዳዳም አሁን ጠበበው። ማንጎው ሥር ተመልሶ ተጎልቷል።

ትናንት በዚያ ሳልፍ እጁን እያወናጨፈ «እናንተ ደንቆሮዎች! ሚስታችሁ ስታምጥ አብራችሁ ታምጣላችሁ?» ይላል። ከራሱ ያመነጨው አስመስሎ! አየኝ፤ አላፈረም።

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ግን ጠጠሩን አስቀምጦ ተነሣና «ጤና ጣቢያው እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚሠራው?» ሲል ጠየቀው።

ዓሣዬን ተሸክሜ መንገዴን ቀጠልኩ።