የዕድሜ ልክ ዋስትና ያለው መዶሻ

ነገሩ ሁሉ የመጣው በመዶሻ ነው ቢባል ማን ያምናል? መዶሻ እኮ ነው! ሰው የሚካሰስበት ቤት ወይ መሬት አይደለም። ግን የሆነው ይኸው ነው። እጀታው ቀይ፣ ብረቱ የሚያብለጨልጭ፣ ማሸጊያው ላይ «የዕድሜ ልክ ዋስትና» ተብሎ በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት መዶሻ የአንድን ሰው ስም ይዞት ሄደ።

ሰውየው አናጺ ነው። ኮንክሪት የሚሞላበትን የጣውላ ሣጥን ይገጥማል፤ ኮንክሪቱ ሲደርቅ ደግሞ ምስማሩን እየነቀለ ጣውላውን ያወርዳል። የሥራ ጓደኞቹ «ጋሼ ውሃ ልክ» ይሉታል። ግንብ ሲጣመም የሚያሳብቀውን መሣሪያ ስም የሰጡት በከንቱ አይደለም። የሰው ምስማር ኪሱ ውስጥ ቢያገኝ ከመንገድ ተመልሶ የሚሰጥ ሰው ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ፣ ከአሠሪው ጋር ጭቅጭቅ ሲነሳ፣ «እስቲ ጋሼ ይናገር» ይባላል። እሱ ከተናገረ አለቀ። ቤት የለው፣ መኪና የለው፤ ያለው ይሄ መታመን ብቻ ነበር።

አንድ ሴት ልጅ አለችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚኖሩት። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ፍለጋ እግሯ እስኪነቃ ከተንከራተተች በኋላ ትልቁ የሥራ መሣሪያ መደብር ቀጠራት። አባት ያን ቀን ልቡ ቅቤ ጠጣ። መደብሩ በመጀመሪያ ያስተማራት ደንበኛ ማግባቢያ ንግግር ነበር፤ እሷም ማታ ቤት ገብታ ሳትተነፍስ አንበለበለችለት።

«አባዬ፣ አዲስ የመጣው መዶሻ እኮ የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው! ከተሰበረ ታመጣዋለህ፣ አዲስ ትወስዳለህ። ጥያቄ የለ፣ ምን የለ።»

«ምንም ጥያቄ የለም?»

«ምንም!»

«እንዲህ ያለም ነጋዴ አለ ለካ!» አለ አባትየው። ልጁ ያወቀችው ነገር ስለሆነ ደግሞ ደስታው እጥፍ ሆነ። ገዛ። ገዝቶም ዝም አላለም፤ ሥራ ቦታ ወስዶ አፉን ሞልቶ ተናገረ። አራት ጓደኞቹ ሰሙት። ከአራቱ አንዱ ምላሱ ሰው ስለሚቆርጥ «ምላጭ» የሚሉት ነው። እሱ እንደልማዱ ጠረጠረ።

«ዋጋው ግን ይጋረፋል። ቢሰበርና አንቀይርም ቢሉንስ፣ ጋሼ?»

«እኔን ያዙኛ! ልጄ እዚያው ናት። እኔ ነኝ ያልኳችሁ።»

በዚህ ቃል አራቱም ገዙ።

እንግዲህ አናጺ የሚባል ፍጡር አዲስ መዶሻ እንደገዛ አይመታበትም። መጀመሪያ እጀታውን ለእጁ ይገራዋል። በስባሪ ጠርሙስ ቀለሙን ይልጠዋል፣ የወፈረበትን ይፍቀዋል፣ ከዚያ በዘይት ያሸዋል። ቀለም የተቀባ እጀታ ላብ ሲነካው ይንሸራተታል፤ ያልተፋቀ እጀታ እስከ ማታ መዳፍ ይልጣል። ይሄን የማያደርግ አናጺ የለም፤ ካለም ሌላ ሥራ ይፈልግ። አምስቱም በምሳ ሰዓት ጣውላ ላይ ተደርድረው ቀዩን ቀለም እየፋቁ አራገፉት። ምላጭ ጎኑ ያለውን እያየ፣ «ሚስትህን እንዲህ ብትዳብሳት ኖሮ ቤትህ ሰላም በሆነ!» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ጋሼ ውሃ ልክም ሳቀ።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷን ከሽያጭ አንስተው የተመላሽ ዕቃ መስኮት ላይ አስቀመጧት። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹ በጓዳ «ፈገግታ» የሚሉት ሰው ነው፤ እምቢ ሲል ጥርሱ ሁሉ ይታያል። እሱ የዋስትናውን ሙሉ ደንብ ሰጥቶ አንብቢ አላት። መጨረሻው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ፣ እጀታው የተፋቀ፣ የተላገ ወይም መለያ ቁጥሩ የጠፋ መዶሻ ዋስትና የለውም ይላል። ቁጥሩ የታተመው ቀዩ ቀለም ላይ ነበር።

 አባቷ በር ላይ ተቀምጦ እጀታ ሲፍቅ እያየች ያደገች ልጅ ናት።

«ጌታዬ፣ አናጺዎች እኮ ሁሉም እጀታውን ይፍቁታል» አለችው።

«እሱማ» አለ ፈገግታ፣ ፈገግ ብሎ።

በቃ፣ ይኸው ነው መልሱ። የሚፍቀውን ዋስትና ነሱት፤ የማይፍቀው ደግሞ መዶሻውን ግድግዳ ላይ ሥዕል የሚሰቅልበት ሰው ነው፣ እሱ ዕድሜ ልኩን አይሰብረውም። ዓይን ያወጣ ሌብነት በፈገግታ ተጠቅልሎ!

ያን ማታ ለአባቷ ልትነግረው እየተንደረደረች ገባች። እሱ ግን ቀድሞ ጀመረላት፤ አምስቱም እንዴት እንደገዙ፣ እጀታውን እንዴት እንዳሳመሩት፣ ምላጭ ምን ብሎ እንዳሳቃቸው። «ልጅህን አመስግንልን ብለውኛል» አላት። ምን ትበለው? ተፍቋል፤ የተፋቀ አይመለስ። መዶሻ ደግሞ መች እንደ ዋዛ ይሰበራል ብላ ራሷን አጽናናችና ነገሩን ዋጠችው። መዋጧን ግን ምን ያደርጋል!

ተሰበረ። መጀመሪያ የምላጭ፣ ምስማር የሚነቅልበት ሹካው ከወገቡ ቀንጠስ አለ። ብረት ተብሎ የተሸጠውን ነገር አንድ ወፍራም ምስማር አሸነፈው። ከዚያ የሌላው፣ ከዚያ የሌላው፣ ከዚያ የአራተኛው፤ በስተመጨረሻ የራሱ የጋሼ ውሃ ልክም ሄደ።

«ጋሼ፣ ልጅህ በመዶሻ ስንት ኮሚሽን ነው የምታገኘው?» አለ ምላጭ አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት። ቀልድ ነው፣ ተሳቀ፤ ጋሼም አብሮ ሳቀ። በማግስቱ ሲደግመው ግን የሳቀው ሰው ትንሽ ነበር፤ ሌላው የጋሼን ፊት አየ። ጋሼ ደሙ ፈላ።

«ቅዳሜ ሁላችሁም ይዛችሁ ኑ!» አለ። «አብረን እንሄዳለን።»

ማታ ለልጁ ነገራት።

«አባዬ፣ እጀታው እኮ...»

«እጀታው ምን ሆነ? የተሰበረው ብረቱ ነው። ልጄ፣ ሰዎቹ በክፉ ዓይን እያዩኝ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ልባል ነው።»

«ሥራ አስኪያጁን አናግረዋለሁ» አለችው። እሱም አለቀ ማለት ነው ብሎ ተኛ። ያን ጊዜ ቀስቅሳ እውነቱን ብታፈርጠው ኖሮ! ግን አባት ተደላድሎ ሲተኛ መቀስቀስ ቀላል ይመስላችኋል?

ቅዳሜ ጠዋት አምስቱም የተሰበረ መዶሻቸውን ይዘው መስኮቱ ፊት ተሰለፉ። ጋሼ ውሃ ልክ አራቱን አስቀድሞ ከኋላ ቆመ። ከመሰለፉ በፊት ጠጋ ብሎ፣ «እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ?» አላት። የገዛ ልጁን! በዝምድና ጉዳይ አስፈጸመ እንዳይባል ነው። እሷም፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» አለችው።

ምላጭ መዶሻውን ወረወረላት። አገላብጣ አየችው፤ ምን ልታይ፣ የምታውቀውን! ሥራ አስኪያጁን ጠራችው። መጣ። በአውራ ጣቱ እጀታውን ዳሰስ አደረገ።

«ቁጥሩ የለም» አለ።

«ቁጥር ምን ያደርግልሃል?» አለ ምላጭ። «የተሰበረው ሹካው ነው። ዓይን የለህም?»

«እንደ እርስዎ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው የሚያኮሩን። ግን እጀታው ተፍቋል፤ ደንቡ አይፈቅድልኝም።» ፈገግ አለ።

«ያልተፋቀ መዶሻ የያዘ አናጺ አሳየኝና ልሳምህ!»

ፈገግታ አሁንም ፈገግ አለ። ሁለተኛው ቀረበ፣ እምቢ። ሦስተኛው፣ እምቢ። አራተኛው፣ እምቢ። ጋሼ ውሃ ልክ ከኋላ ሆኖ፣ «ጌታዬ፣ እጀታና ብረት ምን አገናኘው? በእግዜር!» ቢል የሚሰማው አላገኘም። አራቱ የተሰበረ ብረታቸውን ታቅፈው ወደ በሩ ሄዱና ጋሼን ለመጠበቅ ቆሙ። ሥራ አስኪያጁን ስልክ ጠራውና ወደ ውስጥ ገባ።

መስኮቱ ላይ አባትና ልጅ ቀሩ። እሱ መዶሻውን አስቀመጠ። መዳፉን ግን ከተፋቀው እጀታ ላይ አላነሳም። እሷ ይሄን እጅ አየች፤ ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አስባ አላደረገችውም። ከጀርባዋ መደርደሪያ አዲስ መዶሻ መዘዘች፣ የአዲሱን ቁጥር የተሰበረው አስመስላ ቅጹ ላይ ጻፈች፣ ማኅተሙን መታች፣ ወደ አባቷ ገፋችው።

«ያንተ ተቀይሯል፣ አባዬ። ውሰደው፣ ቶሎ!»

አስቡት እስቲ፤ አራቱ እምቢ በተባሉበት መስኮት የአባቷን እሺ አለች። አድናዋለሁ ብላ እኮ ነው! ጋሼ ውሃ ልክ ደንግጦ መዶሻውን አነሳ፣ ቀና ሲል አራቱም ከበሩ ያዩታል።

«አላልኳችሁም?» አለ ምላጭ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ጋሼ መዶሻውን እሳት እንደያዘ ሰው መልሶ ጣለው። «ምን አደረግሽኝ፣ ልጄ? ምን አደረግሽኝ?» አላት። የተሰበረውን አንስቶ ሲወጣ በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ሰኞ ሥራ ቦታው ሁሉ ሰምቷል። መመለሱም አልጠቀመውም፤ «ለዓይን ነው የመለሰው፣ ማታ ቤት ድረስ ታመጣለታለች» ተባለ። ወጣት አናጺዎች ሳይቀሩ «ጋሼ ኮሚሽን» ይሉት ጀመር። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አሠሪው ዘንድ ሄዱ፤ እሱን የጠየቀው የለም። ሰውየው በአንድ ሳምንት ውስጥ አረጀ ብል ማጋነን አይደለም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ሥራ ይሄዳል፤ ግን አይናገርም። ልጅቷ ውስጧ እየተቃጠለ እውነቱን ነገረችው፤ ደንቡን አውቃ እንደደበቀችው፣ ቁጥሩን፣ ሁሉንም። አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

በወር መጨረሻ ጋሼ ገበያ ወርዶ ከራሱ ኪስ አራት ተራ መዶሻ ገዛ። «እኔን ያዙኝ ብያለሁ፤ ይያዙኝ» አለ።

«አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ሄዱ። አራቱ የምሳ እረፍት ላይ ነበሩ። ጋሼ መዶሻዎቹን ፊታቸው ደረደረ። «ቃሌ ነበር» አለ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም። አንስተው አዩዋቸው፣ መዘኗቸው። ደህና መዶሻዎች ናቸው። ሁሉም ወሰዱ። አመሰግናለሁ ያለ ግን አልነበረም።

«እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም» አለ ምላጭ፣ የደረሰውን እያገላበጠ። «ያልበላ ሰው ለምንድን ነው የሚከፍለው?»

ይሄን ጊዜ ልጅቷ ወደ ፊት ወጣች። «እባካችሁ፣ አባቴ ምንም አያውቅም! ጥፋቱ የኔ ነው። እጀታው ከተፋቀ እንደማይቀየር አውቅ ነበር፣ አውቄ ዝም አልኩ። እሱ ንጹሕ ነው!»

 ከዚያ ምላጭ ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

«ሰማችሁ? ራሷ አመነች እኮ!»

አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ሌላው፣ «ተይው እናቴ፣ ያለፈ ነገር ነው፣ እኛም ሰው ነን» አለና ይቅር እንዳለ ሰው እጁን አወናጨፈ። ይቅርታው ከስድቡ ባሰ። አባትየው ክንዷን ይዞ እየጎተተ አወጣት።

ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ አብረው ያዙት። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከግንባታው የሚመጣው አቧራ ልብሳቸው ላይ ተቀምጧል። አባትየው አንገቱን ደፍቶ ከፊት ከፊት ይሄዳል። እሷ ልታናግረው አፏን ትከፍትና ትዘጋዋለች። የዳቦ ቤቱን ጥግ ሲያልፉ ቆም አለ። ዞሮ አላያትም።

«ልጄ» አላት፣ ዝግ ብሎ። «አልቆጣሽም። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። ከመዶሻው ሽያጭ ላይ... መደብሩ የሚሰጥሽ ነገር አልነበረም? ትንሽም ቢሆን?»

ምላጭ ካላት ሁሉ፣ ሥራ ቦታው ካወራው ሁሉ እንዲህ የወጋት አልነበረም። 

«አባዬ! አንተም?»

«ጠየቅኩሽ ብቻ ነው።»

«ምንም! በእናቴ አጥንት፣ ምንም አልበላሁም!»

«እሺ» አለ። «እሺ፣ የኔ እናት። ነይ፣ ፀሐዩ አይምታሽ።» መንገዱንም ቀጠለ፤ እሷ ከኋላው እየተከተለች፣ ማመኑን የሚያሳይ አንድ ነገር ከትከሻው ላይ፣ ከአረማመዱ ላይ ስትፈልግ ቤት ደረሱ። አላገኘችም።