የኮቱ ካርታ

፩

«ይሄ የምን ካርታ ነው?»

አመለወርቅ ከአልጋዋ ራስጌ ቆማለች። ሦስቱ አብዮት ጠባቂዎች የልብስ ሳጥኗን ወለሉ ላይ ገልብጠው፣ ከሥሩ ያገኙትን ሰፊ ወረቀት አልጋዋ ላይ ዘርግተውታል። ወረቀቱ በቀይ፣ በጥቁርና በአረንጓዴ መስመር ተጥለቅልቋል። አንዱ መስመር ድፍን ነው፤ አንዱ ነጠብጣብ፤ አንዱ ደግሞ እንደ ባቡር ሐዲድ እየተቆራረጠ የሚሄድ። ቁጥር አለበት። ቀስት አለበት። የፈረንጅ ጽሑፍ አለበት።

«የልብስ ነው» አለች።

ከሦስቱ አንዷ፣ ጠመንጃ ያነገተች ወጣት፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው።

«አቦ! እዚህ ውስጥ ልብስ የታለ?»


፪

ቦታው ድሬዳዋ ነው። ጊዜው የ፲፱፻፷፱ ዓ.ም. ክረምት። ከሶማሊያ ጋር የተገጠመው ጦርነት ወደ ከተማዋ ቀርቧል፤ የባቡር ሐዲዱ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ተቆረጠ ይባላል። «ሰርጎ ገብ» የሚለው ቃል ከጆሮ አይጠፋም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ቀና ብሎ ሰላም ማለት ትቷል።

ይህን ታሪክ የነገረችኝ አመለወርቅ ራሷ ናት፤ ግን በአንድ ቁጭታ ነግራኝ አታውቅም። ትጀምርና ትተወዋለች። ከወራት በኋላ ከሌላ ቦታ ትቀጥላለች። እኔም እንደሰማሁት፣ በቁርጥራጩ አቀርበዋለሁ።


፫

ከአመለወርቅ ስንሻው (ልብስ ሰፊ፣ ዕድሜ ፴፬፣ ያላገባች) ቤት የተያዘ ንብረት፦

የፈረንጅ ሴቶች ሥዕል ያለበት መጽሔት — ፲፩
መቀስ፣ ትልቅ — ፩
ጠመኔ፣ ሰማያዊ — ፪
ሜትር፣ የጨርቅ — ፩
ወረቀት — ፩

መጨረሻው መስመር ላይ «ወረቀት» የሚለው ተሰርዟል። ከበላዩ በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም፣ «ሚስጥራዊ ካርታ» ተብሎ ተጽፏል።


፬

ስለ ወረቀቱ ልንገራችሁ።

አመለወርቅ ስፌት የለመደችው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር፣ የአንድ ፈረንሳዊ የባቡር መሐንዲስ ቤት ነው። የመሐንዲሱ ሚስት ማዳም ኤሌን ቁም ሣጥኗ ልብስ አልጎደለበትም፤ የአመለወርቅ ዓይን ግን ከአንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ላይ አይነቀልም ነበር። ጌጥ የለው፣ ጥልፍ የለው። ተሰቅሎ ሲያዩት ተራ ነገር ነው። ማዳም ስትለብሰው ግን ትከሻዋ ይስተካከላል፣ ወገቧ ቦታውን ያገኛል፣ አረማመዷ ሳይቀር ሌላ ይሆናል።

«ስንት ዓመቱ ነው?» ብላ ጠየቀቻት አንድ ቀን።

«የእናቴ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ፓሪስ የተሰፋ።»

«ታዲያ እንዴት ፋሽኑ አላለፈበትም?»

ማዳም ሳቀች። «የሚያልፍበት ነገር አልተደረገበትማ!»

ማዳም አገሯ ስትገባ መጽሔቶቿን ለአመለወርቅ ተወችላት። ከአንዱ መጽሔት መሐል ያ ወረቀት ወጣ፤ ልክ የዚያን ኮት የመሰለ ኮት መቁረጫ። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ፣ ቦታ ለመቆጠብ፣ የስምንት የዘጠኝ ልብስ ልክ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ይታተማል። ሰፊዋ የራሷን መስመር ብቻ ለይታ፣ በጣቷ ተከትላ፣ ሌላ ወረቀት ላይ ትገለብጠዋለች። ላላወቀው የጦር ሜዳ ነው።

ስድስት ዓመት ከሳጥኑ ሥር ተቀመጠ። እያወጣች ታየዋለች፣ ትመልሰዋለች። የሙሽራ ቀሚስ ያለ ሐሳብ የምትቆርጥ ሴት ይህን ኮት ግን አንድ ቀን ሞክራው አታውቅም።

ትፈራው ነበር።


፭

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ክንፈ ክፉ ሰው አልነበረም ትላለች አመለወርቅ። እሱም ፈርቶ ነበር። ሐዲዱ የተቆረጠው ከእሱ ቀበሌ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ከበላይ «ሰርጎ ገቦቹ የታሉ?» ተብሎ ሁለቴ ተጠይቋል። አመለወርቅ ከነወረቀቱ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስትቀርብ፣ ጽሑፉን እንዲያነቡለት ጋሽ ዳምጠውን አስጠራ። ጋሽ ዳምጠው በምድር ባቡር ዕቃ ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠሩ፣ ከአመለወርቅ ቤት ሁለት በር አልፎ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ፈረንሳይኛ ይችላሉ።

ሊቀመንበር፦ ይሄ ምን ይላል?
ዳምጠው፦ «ሊኝ»። መስመር።
ሊቀመንበር፦ የምን መስመር?
ዳምጠው፦ የ... የመቁረጫ መስመር።
ሊቀመንበር፦ እዚህስ?
ዳምጠው፦ «ኩፔ»። ቁረጡ። እዚህ ላይ ቁረጡ ነው የሚለው።
ሊቀመንበር፦ ይሄኛው?
ዳምጠው፦ «ደቫን»። ፊት ማለት ነው። ግንባር።
ሊቀመንበር፦ ግንባር!
ዳምጠው፦ ይሄ ደግሞ «ኮል» ይላል። በሁለት ተራራ መሐል ያለ ማለፊያ። በር።
አመለወርቅ፦ ኮሌታ ነው! ጋሽ ዳምጠው፣ ኮሌታ ነው እኮ!
ሊቀመንበር፦ አንቺ ዝም በይ!

ጋሽ ዳምጠው ቀና ብለው አላዩዋትም። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። ያለፈው ፋሲካ የሚስታቸውን ቀሚስ ሊያሰፉ መጥተው፣ «ኮሉን ሰፋ አድርጊላት፣ አንገቷን ያንቃታል» ያሏት እሳቸው ናቸው። በዚሁ ቃል። ኮል።

ያውቃሉ።


፮

ያውቃሉ።


፯

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከበላይ መኪና ይመጣል። ከአመለወርቅ ሰፈር በዚያ መኪና የሄዱ አራት ሰዎች ነበሩ። አንዳቸውም አልተመለሱም።

ወንበሩን ያዘች። ከዚያ አፏ ያላሰበችውን ተናገረ።

«ልስፋው።»

«ምን?»

«ልቁረጠውና ይዩት፣ ጓድ ሊቀመንበር። ካርታ ከሆነ ልብስ አይወጣውም።»

ጓድ ክንፈ ቀና ብሎ ሰዓት አየ። የግድግዳው ሰዓት ሦስት ከሩብ ይላል።

«ጨርቁ ከእኛ ነው» አለ። «የሚለብሰውም ከእኛ ነው። በራስሽ ልክ አዘጋጅተሽ የመጣሽው ነገር እንዳይኖር። ሚስኪ! ነይ ቁሚላት። ጋሽ ዳምጠው፣ አንተም ከዚያች አግዳሚ እንዳትነሳ።»


፰

ጨርቁ ካኪ ነው፤ ለሚሊሺያ ልብስ የመጣ፣ እንደ ሰሌን የሚደርቅ። የስፌት መኪናው የቀበሌው ነው፤ ፔዳሉ ይንቋቋል። ሚስኪ ያቺ በጠዋቱ ፍተሻ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያነሳችው ልጅ ናት። ለመለካት ስትቆምም ጠመንጃዋን አላወረደችም።

«ጠመንጃውን አውርጂው፣ እህቴ። ትከሻሽን ያዛባብኛል።»

«አላወርድም።»

«እሺ። ወደ ሌላኛው ትከሻ አዙሪው። መጀመሪያ ይሄን ልለካ።»

አመለወርቅ ወረቀቱ ላይ አጎንብሳ የኮቱን መስመር ፈለገች። ቀዩ ነው። በጣቷ ተከተለችው። ከአረንጓዴው ጋር ይገናኛል፣ ከነጠብጣቡ ሥር ይገባል፣ ይጠፋል። ጠፋ። እንደገና ጀመረች። ሲጠፋባት ሦስተኛው ነው። በአራተኛው ወጣ፤ ገልብጣ ጨርቁ ላይ በጠመኔ አሰመረችው።

መቀሱን አነሳች። የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም።

ቆረጠች።


፱

እጅጌ ለመትከል፦

የእጅጌው አናት ከሚገባበት ቀዳዳ ይበልጣል። እንዳትደነግጪ፤ ስህተት አይደለም፤ የልብሱ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ትርፉን እንዳትቆርጪው። ሁለት መስመር ክር አስገቢበትና በቀስታ ሳቢው፤ ጨርቁ ሳይሸበሸብ ራሱን ይሰበስባል። እርጥብ ጨርቅ አልብሰሽ በካውያ ተኩሺው፤ ክብ ይሆናል፤ ትከሻ ይሆናል። የለበሰችው ሴት ክንዷን ስታነሳ ኮቱ አብሯት መነሳት የለበትም። ከተነሳ አላወቅሽበትም።

እጅሽ ከተንቀጠቀጠ አረፍ በይ።

መንቀጥቀጡ ካልተወሽ፣ አትረፊ።


፲

ሰባት ሰዓት ሲሆን የኮቱ ገላ ቆመ። በረጃጅም ስፌት አያይዛ፣ እጅጌ አልባ ሆኖ ለሚስኪ አለበሰቻት። ሚስኪ ይህን ጊዜ ጠመንጃዋን፣ ሳታስበው ይመስላል፣ ግድግዳው ላይ አስደግፋው ነበር። ክፍሉ መስታወት የለውም። የመስኮቱ ግማሽ ግን ሌሊት ብርሃኑ ለአውሮፕላን እንዳይታይ በጥቁር ወረቀት ተሸፍኗል፤ እዚያ ላይ ራሷን አየች።

ጎኗን አዞረች። ከዚያ ጀርባዋን።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«ማን ይሆናል ታዲያ?»

«ካኪ እኮ ነው» አለች ሚስኪ፣ በሹክሹክታ። «ዓመት ሙሉ የለበስኩት ካኪ።»


፲፩

ሁለቱም የግራ ናቸው።


፲፪

እንዲህ ነው የሆነው። እጅጌ ሲቆረጥ ጨርቁ ይታጠፋል፤ አንዱ የቀኝ፣ አንዱ የግራ ሆኖ ይወጣል። አመለወርቅ ግን በፍርሃት ሳታጥፍ፣ አንዱን ከቆረጠች በኋላ በዚያው አኳኋን ሌላውን ደግማ ቆርጣለች። ሃያ ዓመት ስትሰፋ ያልሠራችው ስህተት። የካኪው ግልባጭ ፈዛዛ ነው፤ ገልብጣ ብትተክለው ከሩቅ ይታያል። የተረፈው ቁራጭ ደግሞ ለኮሌታ እንኳ ለጥቂት ነው የበቃው።

ስምንት ተኩል።

ሁለቱን የግራ እጅጌዎች ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ከውጭ ሞተር በተሰማ ቁጥር ወደ በሩ ታያለች። አግዳሚው ላይ ጋሽ ዳምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ይጸልያሉ።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሚስኪ።

አመለወርቅ እጅጌዎቹን ጎን ለጎን ዘርግታ አሳየቻት።

ሚስኪ በሩን አየች። ጓድ ክንፈ በሚቀጥለው ክፍል ስልክ ላይ ይጮሃል። ወጣች፤ ጠመንጃዋን ሳትይዝ ወጣች። አመለወርቅ ልትናገርባት የሄደች መሰላት፤ ክርስትና ስሟን ጠርታ ራሷን ለፈጣሪዋ ሰጠች።

ሚስኪ ስትመለስ ሸሚዟ ሥር የደበቀችውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። የታጠፈ ካኪ ነው።

«ለእኔ ሱሪ የተሰጠኝ ነው። ከጠየቁኝ ጠፋ እላለሁ።»

«ቢያውቁብሽስ?»

«ቁረጪ አቦ!» አለች ሚስኪ። «ሰዓቱ ሄደ። ልየው እንጂ፣ አልቆ ልየው።»


፲፫

ያ ኮት ዛሬም አለ። የሚስኪ ልጅ ትለብሰዋለች፤ ቢሮ ስትሄድ፣ ሸሚዝ ከሥሩ አድርጋ፣ እጅጌውን አንድ እጥፍ አጥፋ። ካኪው ታጥቦ ታጥቦ ለስልሷል። ሰዎች እያስቆሙ «ከየት ገዛሽው? ከፓሪስ ነው?» ይሏታል። እኔም አንዷ ነበርኩ። ወደ አመለወርቅ ያደረሰኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ኮቱ እንደተሰፋ፣ አመለወርቅም እንደተረፈች ታውቃላችሁ። ያልነገርኳችሁ ሌላ ነው።


፲፬

አስራ አንድ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው የመኪና ጥሩምባ ከበሩ ላይ ተሰማ። አመለወርቅ የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጠሰች።

ጓድ ክንፈ ገባ። ሚስኪ መሐል ቆማለች። ዞራት። የትከሻውን ስፌት በጣቱ ነካው።

«ክንድሽን አንሺ።»

አነሳች። ኮቱ ካለበት አልተነቃነቀም።

«ሁለቱንም።»

አልተነቃነቀም።

ወረቀቱን አምጥቶ ከጀርባዋ ላይ ለጠፈው፤ ቀዩን መስመር ከስፌቱ ጋር አስተያየ። ገጠመ። ኮሌታው ላይ ሲደርስ ጣቱ «ኮል» የሚለውን ቃል ነክቶ ቆመ።

«ልብስ ነው» አለ።

አመለወርቅ ቀኑን ሙሉ ያልተነፈሰችውን ተነፈሰች።

ትንፋሿ ሳያልቅ ጓድ ክንፈ ወደ አግዳሚው ዞረ።


፲፭

መኪናው ከውጭ ይጠብቃል። ባዶውን እንዲመለስ የሚፈልግ የለም፤ ልብሱን ካርታ አስመስለው ያነበቡት ደግሞ ሽማግሌው ናቸው።

ጋሽ ዳምጠው ለመነሳት ሞክረው መልሰው ተቀመጡ። «ልጄ...» አሉ። ለማን እንዳሉት አልታወቀም፤ ዓይናቸው ግን አመለወርቅ ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲያዩዋት የመጀመሪያው ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ጓድ ክንፈ በእጁ እየጻፈ ነው የጠየቃት። ምን እንደመለሰች ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። ጋሽ ዳምጠው ምን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ አልነግራችሁም። ካወቃችሁ መልሷን በእሱ ትመዝኑታላችሁ፤ እሷ ግን በዚያች ደቂቃ የምታውቀው ነገር አልነበረም።


፲፮

ጥያቄ፦ ይህ ሰው «ኮል» ማለት ኮሌታ መሆኑን ያውቅ ነበር?

መልስ፦




ፊርማ፦ አመለወርቅ ስንሻው