ጠግቤያለሁ ያሉት ተጫዋቾች

የሠራሁት የስልክ ጨዋታ ሥዕል የለውም፤ ጽሑፍ ብቻ ነው። ያላችሁበትን ቦታ ይነግራችኋል፣ የምታደርጉትን ትጽፋላችሁ፣ እሱም ይመልስላችኋል። ተጫዋቹ ከሸጎሌ በግ ገዝቶ ቁስቋም ድረስ ይዞ መውጣት አለበት። በጉ ግን ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ካልተቀመጥኩ ባይ ነው።

በሰፈራችን ወጣት ማዕከል ለሚደረገው የአስቂኝ ጨዋታዎች ውድድር ማስረከቢያው ሰኞ ነበር። አብራኝ የተማረችው ሶሊያና ቅዳሜ ጠዋት መከረችኝ። ሦስት ሰው አጫውት፣ አንዱም ካልሳቀ አትላከው አለችኝ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነውና ምክሯ ከበደኝ፤ ግን እውነቷን ነበር።

በራሷ ጀመርኩ። በበጉ ፈገግ አለች። መንገድ ላይ እትዬ ባዩሽ የሚባሉ ሴት ቤት ስትደርስ ባዩሽ "ምሳ ቀርቧል፣ ይብሉ" አሏት። ሶሊያና "ጠግቤያለሁ" ብላ ጻፈች። ባዩሽም "እሺ፣ ደህና ይዋሉ" ብለው በሩን ዘጉ። የቁስቋም ዳገት ላይ ስትደርስ ጨዋታው እንዲህ አላት፦ "በረሃብ ወደቁ። በጉ ብቻውን ቁስቋም ገባ።" ሶሊያና አልሳቀችም። ሁለተኛዋ ተጫዋች፣ ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ሮሐም፣ በጨዋታው እዚያው ዳገት ላይ ወደቀች፤ ባዩሽን እንዳልወደደቻቸው ነግራኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የቀሩኝ ሽሮ ሜዳ ያሉት ጎረቤቴ ጋሽ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ሸማኔ ናቸው። መወርወሪያቸውን አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው በአንድ ጣት መጻፍ ጀመሩ። ባዩሽ ቤት ሲደርሱ "እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" ብለው ጻፉ። በሩ ተዘጋ። ስልኩን ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"ኖህ፣ እኚህን ሴትዮ ምን በደልኳቸው?"

"ጋሽዬ፣ ይብሉ ሲሉዎት እሺ ማለት ነበረብዎ።"

"ባንድ ጊዜ?" አሉኝ። "ባንድ ጊዜ እሺ የሚል እንግዳ የት አይተህ ታውቃለህ?"

አይ ያለ ሰው አይ ማለቱ ነው ብዬ ልከራከር አፌን ከፈትኩ። አፌ ውስጥ ዳቦ ነበር። ስገባ ባለቤታቸው ሲሰጡኝ ሁለቴ አልፈልግም ብዬ፣ በሦስተኛው የተቀበልኩት ዳቦ ነው። ግማሹ ገና እጄ ላይ ነበር።

እዚያው መደቡ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ባዩሽን እንደገና ጻፍኳቸው፤ ሦስት ጊዜ እንዲለምኑ አደረግሁ። ጋሽ ኃይለ ማርያም ሸማቸውን ትተው ጠበቁኝ። ከዚያ እንደገና ጀመሩ።

በልቻለሁ አሉ። ባዩሽ በሞቴ አሏቸው። አይ አሉ። አፈር ስሆን አሏቸው። ከመነጽራቸው በላይ አየት አደረጉኝና አሁንም አይ ብለው ጻፉ። ባዩሽ የበጉን ገመድ ነጥቀው "እንግዲያው እሱ ይብላ፣ እርስዎ ቆመው ይዩ" አሉ። ጋሽ ኃይለ ማርያም ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ባለቤታቸው ምን ሆነ ብለው ከጓዳ ወጡ።

ሳቃቸው ሲበርድ ግን አራተኛ "አይ" ጻፉ።

እኔ የጻፍኩት ሦስት ልመና ብቻ ነው። ስልኩ ዝም አለ። እሳቸው ይጠብቃሉ። ጠጋ አልኳቸው።

"ጋሽዬ፣ ለኔ ሲሉ ይብሉ።"

"ላንተ ከሆነ እሺ" አሉና በዚያች በአንድ ጣታቸው "ትንሽ ብቻ" ብለው ጻፉ።

ጨዋታው ትንሽ ብቻ የሚለውንም አያውቀውም ነበር። እስከ ሰኞ ግን ሁለት ቀን ነበረኝ።