አራተኛው ዓምድ

ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለልኩ ነው የምወርደው፣ ስልኬ ጆሮዬ ላይ፣ እህቴ አታነሳም። እንዴት ታንሳ! የሕፃናት ክፍል ነርሶች ስልካቸውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ነው የሚገቡት።

የሆስፒታሉን ዳታቤዝ፣ የታካሚዎች መረጃ በሰንጠረዥ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር፣ የሚጠብቀው ሰውዬ፣ እኛ ፕሮግራም ሠሪዎቹ ጋሼ መስኮት ነው የምንለው፣ አንድ ሕግ አለው፤ ማንም ሰንጠረዡ ውስጥ በቀጥታ አይገባም። እሱ መስኮት ብሎ በከፈተልን መጠየቂያ ገጽ «ክብደት» ብለህ በስሙ ትጠይቃለህ፣ ይሰጥሃል። ውስጡን እንዳሻው ቢያገላብጠው አንተን አይነካህም። ሚስቱንም በመስኮት ነው የሚያናግራት እያልን እንስቅበት ነበር።

አምና እህቴ መስኮቱ ይንቀራፈፋል፣ ልጆቹ እያለቀሱ እጠብቃለሁ ብላ ነዘነዘችኝ። እኔም ልቤ አልቻለም፣ ከእሱ ጀርባ ቀጥታ ሰንጠረዡ ውስጥ ገብቶ አራተኛውን ዓምድ የሚያመጣ አቋራጭ ሠራሁላት። አራተኛው ክብደት ነበር።

ነበር። ቅድም ጋሼ መስኮት ሻዩን ፉት እያለ፣ ጠዋት ከክብደት በፊት የዕድሜ ዓምድ እንደጨመረ ነገረኝ። አራተኛው አሁን ዕድሜ ሆኗል፣ በወር። አሁን እህቴ ጋ የአስራ ዘጠኝ ወር ልጅ አስራ ዘጠኝ ኪሎ ሆኖ ነው የሚታየው፣ መድኃኒቱን ደግሞ በኪሎ ነው የምትለካው።

በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ስገባ መርፌው ልጁ ክንድ አጠገብ ደርሷል። እጇን ያዝኩት።

አበድክ እንዴ ብላ ልትመታኝ ምንም አልቀራት። ልጁን ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። አስራ አንድ ኪሎ፣ ስክሪኑ ግን አስራ ዘጠኝ ይላል። ያኔ መርፌውን ትሪው ላይ መለሰችው። ዛሬ የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነው አለችኝ፣ ተመስገን።

ላቤን ሳልጠርግ ጋሼ መስኮት ወረቀት ይዞ ከች አለ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«አየህ፣ ውስጡን ሁሉ ገለባበጥኩት፣ አንድም ሰው አልጮኸም። በል ከመስኮቱ ውጪ የሚያነብ ፕሮግራም የለም ብለህ ፈርምልኝ።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። እህቴ በጆሮዬ፣ ልጁ ምንም አልሆነ፣ አቋራጩን አሁኑኑ አጥፋውና ፈርም፣ አለዚያ ሁለታችንም ከሥራ እንባረራለን አለችኝ። የአቋራጩን ቅጂ ለሌላ ክፍል ሰጥተሻል ወይ አልኳት በሹክሹክታ።

«ኧረ አልሰጠሁም» አለች። ዓይኗ ግን ወለሉ ላይ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ትፈርማላችሁ?