ወንበር የማይረጋለት ሰው

ክንዱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በእግሩ ሲያስብ የኖረ ሰው ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል የፈረቃ ኃላፊ ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በማሽኖቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ይላል። ያ ሁሉ ማሽን አንድ ላይ ሲንጫጫ ለሌላው ሰው ጆሮ የሚበጥስ ጫጫታ ነው። ለእሱ ግን የትኛው ማግ ሊበጠስ እንደተቃረበ፣ የትኛው ድር እንደላላ የሚያወራው ወሬ ነው። ቁጭ ካለ ግን አለቀለት፤ ጆሮውም አእምሮውም አብረው ቁጭ ይላሉ። ሚስቱ ማህሌት፣ "እናትህ አንተን የወለደችህ ገበያ ስትሄድ መንገድ ላይ ነው መሰለኝ" ትለዋለች።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው ስልክ ፊት ተቀምጦ መፈተን የመጣበት።

ነገሩ የተጀመረው ፋብሪካው ማስታወቂያ የለጠፈ ቀን ነው። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ዲግሪ የሌለው ሰው የፈረቃ ኃላፊ መሆን አይችልም፣ ወደ መጋዘን ይዛወራል ይላል። ደመወዙ አይነካም። ባልደረቦቹ፣ "ምን ከፋህ? አርፈህ ትቀመጣለህ" ሲሉት የክንዱ ደም ይፈላል። መጋዘን ማለት የታሰረ ጥጥ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ዝም የሚልበት፣ ጠባቂውም አብሮት ዝም የሚልበት ቤት ነው። እዚያ ከሚገባ ጡረታ ቢወጣ ይሻለው ነበር። ፈርቶ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈርቶ ነበር።

እርግጥ ማስታወቂያው ሲወጣ ክንዱ እጁን አጣጥፎ አልነበረም። አዲስ አበባ ካለ ኮሌጅ አራት ዓመት በርቀት ተምሮ ጨርሷል። መምህራኑ በቪዲዮ ሲያስተምሩ እሱ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ የሰፈሩን የዘንዘልማን አስፋልት ዳር ዳሩን እየሄደ ይማር ነበር። "ካሜራችሁን ክፈቱ" በተባለ ቁጥር የእሱ መስኮት የሚያሳየው ባሕር ዛፍና የባጃጅ ጣሪያ ነው። ያም ሆኖ ፈተናውን ሁሉ አለፈ። የቀረው የመጨረሻው የቃል ፈተና ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በቪዲዮ ነው፣ ደንብም አለው። የተፈታኙ ፊት ከካሜራው ፊት ከአምስት ሰከንድ በላይ ከጠፋ ስብሰባው በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ከጎን ሆኖ መልስ የሚያቀብል ሰው እንዳይኖር ነው አሉ።

በሚያዝያ የመጀመሪያውን ሙከራ ቤቱ ሆኖ ጀመረ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤቱ አቶ ገድሉ የጠፋች ዶሯቸውን ሲፈልጉ በሩን ገፍተው ገቡ። ክንዱ የጎንደር፣ የቆላ ድባ ልጅ ነው። እሱ ባደገበት ቤት ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ልጅ እራቱን አይበላም። ብድግ አለና "ኖር!" አላቸው። እሳቸውም "በእግዜር" ብለው መረቁት። ወንበር ሰጣቸው፣ ስለ ዶሮዋም ጠየቃቸው። ወደ ስልኩ ሲመለስ ስብሰባው ተዘግቷል። ዶሮዋ ከአልጋው ሥር ተገኘች፤ ፈተናው ግን የትም አልተገኘም።

ኮሌጁ አንድ ዕድል ጨመረለት፤ የመጨረሻ ነው። እሱም ዛሬ ነው፤ በሰኔ፣ ቅዳሜ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ማህሌት ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታቅድ ከረመች። ቤቱ አይሆንም፤ ዘንዘልማ ውስጥ በር ሳያንኳኳ የሚገባ ሽማግሌ አቶ ገድሉ ብቻ አይደሉም። ስለዚህ ከሐይቁ ዳር ጀልባ የሚሠራውን ሱሌማንን ለመነችው። ሱሌማን ከፋብሪካው የሚወጣውን ትርፍራፊ ጥጥ እየወሰደ በዘይት ነክሮ የጣውላ ስንጥቅ ይደፍንበታል፤ ከክንዱ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ጥጥ ነው፣ እኩያሞች ናቸው። ከመሥሪያ ቦታው ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረች፣ ወደ ሐይቁ የምትከፈት ክፍል አለችው። ኔትወርኳም ደህና ነው።

"እኔ በሩ ላይ ነኝ" አለ ሱሌማን ዛሬ ጠዋት። "አባቴም ቢመጡ በሐይቁ በኩል ይዙሩ እላለሁ።"

"አባትህማ ከመጡ አስገባቸው" አለ ክንዱ።

ማህሌት ባሏን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ከቦርሳዋ የአቡጀዲ ቁራጭ አወጣች፤ የራሱ ፈረቃ የሠራው አቡጀዲ ነው። ተንበርክካ የቀኝ እግሩን ቁርጭምጭሚት ከወንበሩ እግር ጋር አሰረችው፣ ሁለት ጊዜም ቋጠረችው።

"ምን ማለትሽ ነው? በሬ ነኝ?"

"በሬማ ሲያስሩት ይቆማል" አለችና በሩን ዘግታ ወጣች።

ስልኩ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ተደግፎ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። መጀመሪያ የታየችው የፈታኞቹ ሰብሳቢ ዶክተር ሸጊቱ ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከአጠገቧ ባለው መስኮት አቶ ግሩም የሚባል ዝምተኛ ፈታኝ አለ። "ሦስተኛው ፈታኝ ኔትወርክ አስቸግሯቸው ነው፤ እስኪገቡ እንጀምር" አለች ሸጊቱ።

ክንዱ መለሰ። መለሰ እንጂ ምን መልስ አለው! የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደ ዳዊት በቃሉ አነበነበው። ጠረጴዛው ሥር ግራ እግሩ መሬቱን ይደበድባል፣ የታሰረው ቀኙ አቡጀዲውን ይጎትታል። ከውጭ የሱሌማን መዶሻ ቋ፣ ቋ ይላል፤ ክንዱም ሳይወድ ምቱን እየቆጠረ ነው።

"ሁለተኛ" አለች ሸጊቱ። "በአንድ ተርታ ያሉ ማሽኖች ጠዋት ደህና ሠርተው ከሰዓት በኋላ ድር መበጠስ ቢያበዙ ምን ያደርጋሉ?"

ይህን ጥያቄ ክንዱ በየሳምንቱ የሚመልሰው ነው። አዲስ ሠራተኞችን ያስተማረበት ነው። አሁን ግን ጭንቅላቱን ቢያራግፈው ምንም አልወጣም። "እንግዲህ…" አለ። "ድሩ… እንግዲህ…" አቶ ግሩም አንገቱን ደፍቶ የሆነ ነገር ጻፈ። ክንዱ መጋዘኑ ታየው።

በዚህ መካከል ስልኩ ድምፅ ሰጠና ሦስተኛ መስኮት ተከፈተ። ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ጸጉራቸው የጋቢያቸውን ያህል የነጣ ሰው ወደ ካሜራው ተጠግተው፣ "ይሰማል?" አሉ።

ክንዱ ድምፁን ያውቀዋል። አለቃ ገብረ ክርስቶስ ናቸው! ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ጆሮውን ይዘው፣ "ማሽኑን አትየው፣ ስማው" ያሉት የመጀመሪያ አለቃው። ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ አዲስ አበባ ከገቡ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል። ኮሌጁ በሥራ ልምዳቸው ፈታኝ እንዳደረጋቸው ማን ነግሮት?

የፈሩት ይደርሳል። ክንዱ ብድግ አለ። ወንበሩም አብሮት ብድግ አለና በጎኑ ወድቆ የአጥሩን ቆርቆሮ አንኳኳ። "ኖር!" አለ ክንዱ፣ እጅ እየነሳ፣ ለቀለም ቆርቆሮ።

ስልኩ ላይ የሚታየው የክንዱ ቀበቶ ብቻ ነበር።

ጉዱ ግን በዚህ አላበቃም። አለቃ ገብረ ክርስቶስም የጎንደር ሰው ናቸው፤ ሰው ቆሞላቸው ተቀምጠው መልስ የሰጡበት ቀን የለም። እሳቸውም "በእግዜር፣ በእግዜር" እያሉ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡ፤ በእሳቸው መስኮት ደግሞ የጋቢ ጥለት ብቻ ቀረ። ያዩት አንዱ የሌላውን ሆድ ብቻ ነው። ሁለቱም ሌላው እስኪቀመጥ ቆመው ጠበቁ። አምስት ሰከንድ ለእንዲህ ያለ ሰላምታ ምን አላት? ስብሰባው ተዘጋ።

ማህሌትና ሱሌማን በወንበሩ ድምፅ ደንግጠው ገቡ። ማህሌት ጠቁሮ የቀረውን ስልክ አየች፤ ከዚያ በሩን አየች። "ማን ገባ?" አለች።

"በስልኩ ገቡ" አለ ክንዱ። ማህሌት ጥግ ላይ ባለ የጣውላ ክምር ተቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ሸጊቱ ናት፣ በድምፅ ብቻ፤ ሦስቱም ፈታኞች መስመሩ ላይ አሉ። ክንዱ አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገና እንደ ልማዱ መራመድ ጀመረ።

"አቶ ክንዱ፣ በጣም አዝናለሁ" አለች። "ደንብ ደንብ ነው።"

"ያ የሚንኳኳው ምንድን ነው?" አሉ አለቃ ገብረ ክርስቶስ ከመሃል።

"ወንበር ነው፣ አለቃ።"

"ምን ሆኖ?"

"እግሬ ላይ ታስሮ ነው። እንዳልነሣ።"

ዝምተኛው ግሩም ሳይሆን አይቀርም፣ ሳቁን በሳል ሊያፍን ሞከረ።

"እኔ የምለው ዶክተር" አሉ ሽማግሌው፤ አሁን ድምፃቸው ችሎት የቆመ ሰው ድምፅ ሆነ። "ደንቡ የፈታኞችስ ፊት ይታይ አይልም?"

"ይላል።"

"የእኔ ፊት ታይቷል?"

"አልታየም፤ ቆመው ነበር።"

"ፈታኝ የሌለው ፈተና የለም። ፈተና ካልነበረ ደግሞ እሱ ምኑን አቋረጠ? ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ አንቺው ፍረጂ።"

"እሺ" አለች ሸጊቱ በመጨረሻ። "እንደ አዲስ ይከፈታል ብለን እንያዝ። ግን አቶ ክንዱ፣ ቃልዎን ይስጡኝ። በዚህኛው አይነሡም?"

ማህሌት ከጣውላው ላይ ሆና ሁለት እጇን አጋጥማ ለመነችው፦ በል፣ እሺ በል። ክንዱ አየት አደረጋትና ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። አንዲት ቃል ነበረች። እሺ ቢል ማን ያውቅበታል?

"አይ ዶክተር፣ አልዋሽም" አለ። "አለቃ ናቸው ያሳደጉኝ። እሳቸው ሲገቡ ቁጭ ብየ ልጠብቃቸው? እግሬን ብታስሩት እኮ ከነወንበሩ ተነሣሁ። ደግማችሁ ብትከፍቱትም እነሣለሁ።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ፤ ወንበሩ ከኋላው ይንኳኳል። ሱሌማን የጀመረው ጀልባ በክፍት በር በኩል ይታያል፤ የጎን እንጨቶቹ ሰው ቁመት ድረስ ቆመዋል። ክንዱ ቀጥ አለ።

"ደንቡ ፊት ይላል ወይስ ወንበር ይላል?"

ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ። "ፊት ነው የሚለው" አለች ሸጊቱ።

"እንግዲያው እኔ መቀመጥ ካቃተኝ ስልኩ ይነሣ።"

ሱሌማን የተቀረውን ለመስማት አልጠበቀም፤ ስልኩን ከክንዱ እጅ ተቀብሎ ወደ ጀልባው ወጣ፣ ክንዱም ከነወንበሩ ተከተለው። ከጀልባው አንደኛው እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጎሰጎሰና ስልኩን በክንዱ ዓይን ትክክል ሰካው። ማህሌት ተንበርክካ አቡጀዲውን ለመፍታት ታገለች፤ ራሷ ሁለቴ የቋጠረችው ቋጠሮ እምቢ አላት፣ በመጨረሻ በጥርሷ በጠሰችው።

ሸጊቱ ስብሰባውን እንደ አዲስ ከፈተች። አለቃ ገብረ ክርስቶስ ሲገቡ ክንዱ ቆሞ ነበርና መነሣት አላስፈለገውም። እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ፤ ፊቱ ከካሜራው አልወጣም።

"ድር መበጠሱን በተመለከተ" አለች ሸጊቱ።

"መጀመሪያ ማሽኑን አልነካም" አለ ክንዱ። "እሰማለሁ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ድምፅ ከተበጠሰ ጥፋቱ የማሽን አይደለም፤ የአየር ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በምዕራቡ መስኮት ትገባለች፣ ያ ተርታ ይደርቃል፤ ጥጥ ሲደርቅ ይሰባበራል። እርጥበቱን እለካለሁ፣ መስኮቱን አስጋርዳለሁ…" ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። የሃያ ሁለት ዓመቱን ሁሉ አመጣው፤ ግሩም ሁለት ጊዜ አስቁሞ ሌላ ጠየቀው፣ ሁለቱንም ከነምክንያቱ አወረደለት። ማህሌት ከካሜራው ውጭ በጣቷ የምታፍተለትለው የአቡጀዲ ቁራጭ ክር ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሃምሳ ደቂቃ ሲሞላ ሸጊቱ ከሌሎቹ ጋር ተነጋግራ ተመለሰች። "አልፈዋል፣ አቶ ክንዱ" አለች።

የክንዱ ዓይን እንባ አቀረረ፤ እጁ ከኋላው እንደተጣመረ ነው። ሰብሳቢዋ ጨርሳለች፣ እሱ ግን ቆሞ ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ ያወቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

"በል ልጄ" አሉ አለቃ ገብረ ክርስቶስ፣ "አሁን ተቀመጥ።"

ክንዱ የወደቀውን ወንበር አቅንቶ ተቀመጠ። ስልኩ ላይ የቀረው ያላለቀ ጀልባና ከጀርባው ያለው ውኃ ብቻ ነበር። ማንም ሰከንድ አልቆጠረም።